አዲስ ሽጉጥ ከመታጠቃችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ የገንዘብ አጃቢ ነኝ። ገንዘብ ከመኪና ሲወርድና ሲጫን በር ይዤ የምቆም፣ በሥራ ሰዓት ሽጉጥ ከወገቤ የማይለይ ሴት ነኝ። ለዓመታት የታጠቅሁት ማካሮቭ ነበር። ድርጅታችን አሮጌዎቹን ሰብስቦ በአዲስ ሊቀይር ሲወስን ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት ግን ከዚህ ሥራ ሊያስወጡኝ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዓይኔ እያየ እጁን ሊያጣ ነበር፤ እኔም ቃታ ለመሳብ የምፈራ ሰው ሆኜ ከረምኩ። ዛሬ በጥበቃም፣ በአጃቢነትም፣ በግል ፈቃድም ሽጉጥ ለምትይዙ ወንድሞቼና እህቶቼ ይህን የምጽፈው እኛ ያለፍንበትን እንዳትደግሙት ነው።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። በአገራችን የጦር መሣሪያን ጉዳይ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። መሣሪያችሁ ላይ ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ፈቃዱን የሰጣችሁን ክፍል በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም ፋይል አድርጉ። በቃል «ችግር የለውም» የተባለ ነገር ሰው ሲቀየር ችግር ይሆናል። የእኛ ድርጅት ሽጉጦቹንም፣ ተጨማሪ ዕቃዎቹንም በሕጋዊ መንገድ አስፈቅዶ ነው ያስመጣቸው። ቢያንስ በዚህ በኩል እንቅልፍ አላጣንም።

ወደ ብረቱ ልምጣ። ማካሮቭን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ሶቪየቶች በ1951 የታጠቁት፣ 8 ጥይት የሚጎርስ፣ በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ጠንካራ ሽጉጥ ነው። ሴፍቲው ከላይኛው ብረት በግራ በኩል፣ ወደ ኋላ ነው ያለው። ወደ ላይ ሲገፋ መዶሻውን በሰላም አውርዶ ይቆልፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ለተኩስ ዝግጁ ይሆናል። የመጀመሪያው ጥይት ቃታው ረጅምና ከባድ ነው፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ይቀላል። ካዝናውን፣ ማለት የጥይት መያዣውን፣ የሚለቀው መቆለፊያ ደግሞ ከእጀታው ግርጌ ነው።

አዲሱ በሁሉም ነገር ሌላ ነው። 15 ጥይት ይይዛል። መዶሻ የለውም፤ መርፌው ውስጥ ሆኖ በሞላ ነው የሚወነጨፈው። በአውራ ጣት የሚገፋ ሴፍቲ የለውም፤ ጥበቃው ቃታው ላይ ያለች ትንሽ ምላስ ናት። እያንዳንዱ የቃታ ሳብታ አንድ ዓይነት ነው፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም። ካዝናውን የሚለቀው ቁልፍ ከቃታው አጠገብ ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ሲያነቡት ቀላል ነው። እጅ ግን በወረቀት አይማርም። እኔ ሽጉጡን በመዘዝኩ ቁጥር አውራ ጣቴ የሌለውን ሴፍቲ ይፈልግ ነበር። ካዝና ለመቀየር ሳስብ ግራ እጄ ወደ እጀታው ግርጌ ይሮጣል። ዓመታት የለመደውን ነገር እጅ የሚረሳው ሌላ ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይኼ ነው፦ አሮጌውንና አዲሱን እያፈራረቃችሁ አትታጠቁ። አንዱን ለቅቃችሁ ሌላውን ያዙ።

ሌላው የጥይቱ ነገር ነው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፤ የአዲሱ 9 በ19። ሁለቱም በአፍ «ዘጠኝ ሚሊ» ይባላሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ቢደባለቁ ልዩነታቸውን በዓይን ለመለየት ልብ ይጠይቃል። የማካሮቭ አረር ስፋቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌላው ወደ 9.01 ነው፤ የማካሮቭ ቀለህም አጭር ነው። አንዱ በሌላው ቦታ መግባት የለበትም። በጉልበትም ይለያያሉ። የማካሮቭ አረር 6 ግራም ያህል ሆኖ በሰከንድ ወደ 315 ሜትር ሲወጣ፣ የ9 በ19 አረር ብዙውን ጊዜ 8 ግራም ገደማ ሆኖ በ350 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ርግጫው እጅ ላይ ይታወቃል። ግምጃ ቤት ውስጥ ሁለቱም ካሉ በተለያየ ሣጥን፣ በተለያየ መደርደሪያ፣ ቢቻል በተለያየ ቀለም ይቀመጡ።

ሽጉጡ እንደደረሰን ከሁሉ በፊት የተቸገርነው በማኅደሩ ነው። ከሽጉጦቹ ጋር የመጣው ጠንካራ ፕላስቲክ ማኅደር ለሁሉም አልደረሰም። የቀረነው ገበያ ወርደን በቆዳ አሰፋን። ሰፊው እጁ የተባረከ ነው፣ ቆዳውም ለስላሳና ያማረ ነበር። ለማካሮቭ ቢሆን ቅሬታ ባልነበረን።

የተኩስ አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ማኅደሩን አይተው አልተናገሩም። የእኔን ሽጉጥ ተቀበሉኝ፤ ካዝናውን አወጡ፤ ስላይዱን፣ ማለት የላይኛውን ተንቀሳቃሽ ብረት፣ ስበው መጉረሻውን በዓይናቸው አዩ፣ በትንሿ ጣታቸውም ዳሰሱ። ለእኔም አሳዩኝ። ባዶ መሆኑን ሁለታችንም ካረጋገጥን በኋላ አንዴ ስላይዱን ስበው ለቀቁና ያንን ለስላሳ ማኅደር አፉን በጣታቸው ወደ ውስጥ አጠፉት። ከዚያ ሽጉጡን ልክ እኛ በጥድፊያ እንደምናደርገው ገፉት። ታጥፎ የገባው የቆዳ ጠርዝ ቃታው ውስጥ ገባና «ቀጭ» አለ። «ይኼ ጥይት ቢጎርስ ኖሮ ጭንሽ ውስጥ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ማካሮቭ ቢሆን የመጀመሪያው ቃታ ከባድ ስለሆነ፣ ሴፍቲውም ስላለ፣ የቆዳ ጠርዝ እንዲህ በቀላሉ አይስበውም ነበር። አዲሱ ግን ቃታውን የሳበው ጣት ይሁን ቆዳ አይለይም።

በዚያው ቀን የቆዳ ማኅደሮቹን ሁሉ ሰበሰቡ። ጠንካራው እስኪመጣ ድረስም መጉረሻው ባዶ፣ ካዝናው ብቻ ሙሉ ሆኖ እንድንታጠቅ አዘዙ። ማኅደር ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ የማይከደን መሆኑን፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆኑን፣ ከውጭ በጣት ስትጫኑት ቃታው የማይነካ መሆኑን። ወደ ማኅደር ስትመልሱ ደግሞ አትቸኩሉ፤ አይታችሁ መልሱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ላይ የፈሰሰው አይለቀምም።

አሁን ማሻሻያ ወዳልነው ነገር ልምጣ። ሦስት ለውጥ ተደረገ። አንደኛው የእጀታው ጀርባ ነው። ሽጉጡ በተለያየ ውፍረት ከሚቀያየሩ የእጀታ ጀርባዎች ጋር ነው የመጣው። የእኔ እጅ ትንሽ ስለሆነች በትልቁ ስይዘው ቃታው ጋ ለመድረስ መዳፌን ማዞር ነበረብኝ። በትንሹ ስቀይረው የጣቴ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው መሐል ላይ ልክ አረፈች፤ የክንዴ አጥንትና በርሜሉም በአንድ መስመር ሆኑ። ሴቶች እህቶቼ፣ ለወንድ እጅ ተገጥሞ የመጣላችሁን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ይህች ለውጥ ዋጋዋ ምንም ነው፣ ጥቅሟ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛው ማነጣጠሪያው ነው። ሥራችን ማለዳና ማታ ስለሚበዛ በጨለማ የሚያበሩ፣ ትሪቲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ ያለባቸው ማነጣጠሪያዎች ተገጠሙልን። ባትሪ አይፈልጉም፤ ራሳቸው ያበራሉ። ብርሃናቸው ግን በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ የተሠሩበትን ዓመት መመዝገብ ያስፈልጋል። ማነጣጠሪያ ሲቀየር የሚመታበት ቦታም እንደሚቀየር አትርሱ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ነው ያሰቃየን። ድርጅቱ ያመጣው የመሣሪያ ጠጋኝ «ቃታውን ላለስልሳችሁ» ብሎ የመርፌውን ሞላ በላላ ሞላ ቀየረው። ቢሮ ውስጥ ባዶውን ስንስበው እንደ ቅቤ ነበር። ሁሉም ወደደው። አንዳችንም ግን በጥይት አልሞከርነውም ነበር፤ ሦስቱም ለውጦች በአንድ ቀን ስለተሠሩም በኋላ ችግር ሲመጣ የቱ እንዳመጣው ለማወቅ ብዙ ተንከራተትን። ስለዚህ አንድ ነገር ቀይሩ፣ ተኩሱ፣ መዝግቡ፤ ከዚያ ሌላውን።

የተኩስ ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በፖሊስ ፈቃድና ክትትል የምንጠቀምበት፣ ከኋላው ኮረብታ ያለበት ነው። ለአካባቢው ሰው አስቀድሞ ይነገራል፤ ከብት እንዳይገባ ጠባቂ ይቆማል። ከመካከላችን አንዱ «ይህን ያህል ከምንለፋ ጣና ዳር ሄደን ወደ ውኃው ብንተኩስስ?» ብሎ ነበር። ይህን ሐሳብ ሌሎችም ሲናገሩት ሰምቻለሁና ልመልስበት። ውኃ ጥይት አይውጥም። አረር ዝቅ ባለ ማዕዘን ውኃ ሲመታ ነጥሮ ይሄዳል፤ ወዴት እንደሚሄድም አይታወቅም። የሽጉጥ አረር ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሐይቁ ባዶ ቢመስልም በደንገል ታንኳ ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ከዳር ሆኖ አይታይም፤ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎችም አሉ። ከኢላማችሁ በስተኋላ አፈር የሌለበት ቦታ ተኩስ ሜዳ አይደለም።

ጆሮ ላይም ልቁም፤ ብዙ ሰው እንደ ጀግንነት ስለሚቆጥረው። የሽጉጥ ድምፅ ወደ 160 ዴሲቤል ይደርሳል። ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ የሚችለው ከ140 ጀምሮ ነው። የተጎዳ የመስማት ነርቭ ተመልሶ አይድንም። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው በግራ ጆሯቸው ስለማይሰሙ በቀኛቸው በኩል ቆመን ነው የምናናግራቸው። ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ፣ ከላዩም የጆሮ መከደኛውን ደርቡ። መነጽርም አድርጉ፤ ትኩስ ቀለህ ወደ ተኳሹ ፊት ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁ።

ማለዳ 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከኋላችን ሆና ጀመርን። አለቃችን አዲሱን ጥይት ለመቆጠብ ብለው መጀመሪያ በማካሮቭና በአሮጌው ጥይት እጃችንን እንድናሟሙቅ ወሰኑ። ሃምሳ አለቃ ጥይቶቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ መውጣታቸውን አልወደዱም፤ እንቢ ማለት ስላልቻሉ ሁለት ጠረጴዛ አስለይተው ለየብቻ አስቀመጧቸው። ያ አሮጌ ጥይት ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው፣ ለሐይቁ በቀረበ ግምጃ ቤት ብዙ ክረምት አሳልፏል። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ግድግዳ ያላብሳል። ካርቶኖቹ ሻግተው ነበር።

ባልደረባዬ ከእኔ በስተግራ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ደህና ተኮሰ። ቀጥሎ ግን የወጣው ድምፅ የተኩስ ድምፅ አልነበረም። እንደ ጠርሙስ ክዳን «ፖፕ» አለ፤ ርግጫም የለውም፤ ስላይዱም ወደ ኋላ አልሄደም። እሱ ጥይቱ የከሸፈ መስሎት በልማድ ስላይዱን በእጁ ስቦ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ጥይት አጎረሰ። ጣቱ ወደ ቃታው ሲሄድ ሃምሳ አለቃ «ተኩስ አቁም! ጣትህን አውጣ!» ብለው እንዴት እንደጮኹ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሁላችንም ደረቅን። ሽጉጡን አፈሙዙ ወደ ኮረብታው እንዳለ ባዶ አስደረጉት፤ ፈትተውም በርሜሉ ውስጥ ቀጭን እንጨት ሰደዱ። እንጨቱ መሐል ላይ ቆመ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሯል። የጥይቱ ባሩድ በእርጥበት ተበላሽቶ አረሩን ከበርሜሉ ለማስወጣት አልበቃም። ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ቢተኮስ በርሜሉ እጁ ላይ ይፈነዳ ነበር።

ይህን በልባችሁ ያዙልኝ። ድምፁ ከሌላው ካነሰ፣ ርግጫው ካነሰ፣ ከአፈሙዙ ወጥቶ ኢላማው ላይ ቀዳዳ ካላያችሁ፣ አቁሙ። ጣት ከቃታ ላይ ይውጣ፤ አፈሙዝ ወደ አፈሩ እንዳለ ይቆይ፤ ካዝና ይውጣ፤ መጉረሻ ባዶ ይሁን፤ ከዚያ በርሜሉ ይታይ። ምንም ድምፅ ሳይሰጥ የከሸፈ ጥይት ሲሆን ደግሞ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለ። ከዚያ በኋላ አውጡት። የወጣውን ጥይት ኪስ ውስጥ አትክተቱ፣ ተመልሶም አይሞከር፤ ለብቻው ተቀምጦ ለሚመለከተው ይመለስ።

ባዶ ስታደርጉ ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ። መጀመሪያ ካዝና፣ ቀጥሎ ስላይድ። አንድ ሰው ስላይዱን መጀመሪያ ስቦ ካዝናውን በኋላ ካወጣ፣ ስላይዱ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት አጉርሷል። ካዝና የሌለው ሽጉጥ በእጁ ስላለ ባዶ ይመስለዋል። ማካሮቭ ካዝናው ወጥቶም ይተኩሳል፤ አዲሱም እንዲሁ ነው።

ያን ቀን አሮጌው ጥይት በሙሉ ተሰብስቦ ለፖሊስ ተመለሰ። በሌላ ቀን አዲሱን ሽጉጥ በአዲሱ ጥይት ልንሞክር ተመለስን። ያ «እንደ ቅቤ» ያልነው ቃታ ጉዱ የወጣው ያኔ ነው። ከየካዝናው አንድ ሁለት ጥይት ይከሽፍ ጀመር። ሃምሳ አለቃ የከሸፉትን ሰብስበው ከጥይቱ ቂጥ ላይ ያለችውን መለኮሻ አሳዩን። መርፌው ነክቷታል፣ ግን ጭረት በሚመስል ቀላል ምልክት ብቻ። ከተተኮሱት ቀለሆች ጋር አስተያዩት፤ የእነዚያ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ሞላው ስለላላ መርፌው ጠንካራዋን መለኮሻ የሚያቀጣጥል ጉልበት አልነበረውም። ይህ ሽጉጥ በር ላይ አንድ ቀን አስፈልጎኝ «ቀጭ» ብሎ ቢቀርስ?

የፋብሪካው ሞላ ተመለሰ። ቃታው ትንሽ ከበደ፤ መክሸፉ ቆመ። ስለ ሞላ አሁን ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው። ለሥራ የምትታጠቁትን ሽጉጥ ሞላ አታላሉ። የስላይዱን ሞላም በጠንካራ አትለውጡ፤ ጠንካራ ሞላ ደካማ ጥይት ሲገጥመው ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሳይሄድ ይቀርና ቀለሁን ሳይተፋ ይነክሳል። ፋብሪካው ያመዛዘነውን ነገር አንድ ጠጋኝ በአንድ ከሰዓት ሊያሻሽለው አይችልም። ገንዘብ ካላችሁ ጥይት ግዙበት፣ ጥሩ ማኅደር ግዙበት።

ከዚህ በኋላ ችግሩ ከብረቱ ወደ እኔ ዞረ። ያ «ፖፕ» ያለ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ቃታውን ልስብ ስል ዓይኔ ይከደናል፣ ትከሻዬ ይጠነክራል፣ ጥይቶቼ ሁሉ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳሉ። ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው ይህ የታወቀ ምልክት ነው፤ ርግጫው ከመምጣቱ በፊት እጅ ቀድሞ ይገፋዋል። ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማነጣጠሪያውን ነው። አለቃችን «የሷ ማነጣጠሪያ ጠማማ ነው፣ ይስተካከል» አሉ። ሃምሳ አለቃ ግን እምቢ ብለው ሽጉጤን ራሳቸው ተኩሰው አሳዩ፤ የእሳቸው ጥይቶች መሐሉ ላይ ተከማቹ።

ከዚያ ባሩድም መለኮሻም የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች አመጡ። እኔ ሳላይ ከእውነተኞቹ ጋር እየደባለቁ ካዝናውን ሞሉልኝ። ሐሰተኛው ጥይት ላይ ስደርስ ሽጉጡ አልተኮሰም፣ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ነቀነቀ። ያኔ በዓይኔ አየሁት። እሳቸውም ሳይቆጡኝ «ሰውነትሽ እየጠበቀሽ ነው፣ አያሳፍርም። አሁን ግን ሥራውን እናስተምረዋለን» አሉኝ። እንዲህ ያለ አሠልጣኝ የሌላችሁ፣ የምታምኑት ሰው ካዝናውን ይሙላላችሁ። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም።

የቀረው በቤት ውስጥ ያለ ጥይት የሚደረግ ልምምድ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎ ይቀመጣል። በልምምዱ ሰዓት ልጆች ቤት ውስጥ አይሆኑም። ሽጉጡን ሁለት ጊዜ በዓይንና በጣት አያለሁ። አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ከዚያ በፊቱ ማነጣጠሪያ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታውን መሳብ። መጀመሪያ ሳንቲሙ ይወድቅ ነበር፤ ቀስ እያለ ቆመ። ስጨርስ «ጨረስኩ» ብዬ ጮክ ብዬ እናገርና ሽጉጡን ወዲያው እቆልፈዋለሁ። «አንዴ ልድገም» የምትል ሐሳብ ጥይቱ ከተመለሰ በኋላ የምትመጣ ከሆነ አደገኛ ናትና አትስሟት። ጥይት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ልምምድ የተኩስ ሜዳውን ግማሽ ሥራ ይሠራል።

ጥይቶቼ በአንድ ቦታ መከማቸት ሲጀምሩ ነው ማነጣጠሪያው የተስተካከለው። ቅደም ተከተሉ ይኼው ነው፤ ያልተከማቸ ተኩስ ላይ ማነጣጠሪያ አይነካም። ሕጉ ቀላል ነው። የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድላችሁ ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ታንቀሳቅሱታላችሁ፤ ወደ ቀኝ ለመውሰድ ወደ ቀኝ። የፊቱ ከፍ ሲል ጥይቱ ዝቅ ይላል። መጠኑን ለማወቅ ስሕተቱን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት አባዝታችሁ ለኢላማው ርቀት ታካፍላላችሁ። በእኔ ሽጉጥ በማነጣጠሪያዎቹ መካከል 16 ሴንቲ ሜትር አለ። በ15 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ቢኖር የሚያስፈልገው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነውና በመዶሻ እንዳትቀጠቅጡት፤ በትክክለኛው መግፊያ፣ በባለሙያ ይሠራ።

ጽዳት ላይ የጣና ዳር ሰው ከሌላው የበለጠ ጭንቀት አለበት። እርጥበቱ ብረት ይበላል፤ ላብ ሲጨመርበት ደግሞ በአንድ ሌሊት የዝገት ነጥብ ያወጣል። ሽጉጥ በቆዳ ማኅደር ውስጥ አይደር፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ግን የኑግ ዘይት እንዳትቀቡት ነው። ቤት ውስጥ ያለ ነውና ብዙ ሰው ያደርገዋል። ኑግ እየደረቀ እንደ ሙጫ የሚይዝ ዘይት ነው፤ የመርፌው መንገድ ላይ ከደረቀ መርፌው ይዘገያል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ቆሻሻና ብናኝ ይዞ ይመጣል። በነጭ ጋዝ አጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ፣ ቀጭን የመሣሪያ ዘይት በስሱ ቀቡት። የቆየ የሶቪየት ዘመን ጥይት ከተኮሳችሁ ደግሞ ብዙዎቹ መለኮሻዎች በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋሉ። ጨው በዘይት አይወጣም፤ በሙቅ ውኃ ነው የሚታጠበው፤ ከዚያ በደንብ ይደርቃል፣ ይቀባል። እኛ ጋ ሣጥኖቹ ውስጥ እርጥበት የሚስቡ ከረጢቶች ተቀምጠዋል፤ በየጊዜው ይቀየራሉ።

አንድ ነገር እናቶች ስለምናነበው ልጨምር። ተኩስ ሜዳ ላይ ከመለኮሻውና ከአረሩ የእርሳስ ብናኝ ይወጣል፤ እጅና ልብስ ላይ ይቀመጣል። እኛ በእረፍት ሰዓት ቆሎ ከአንድ ሰሐን እየዘገንን እንበላ ነበር። አሁን ሳይታጠብ የሚዘግን የለም፤ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ነው። ቤት ስገባ ልብሴን ለብቻው አኖራለሁ፣ ጫማዬን ከደጅ አወጣለሁ፤ ልጆቼን የማቅፈው ከዚያ በኋላ ነው። እርሳስ ከአዋቂ ይልቅ ልጅን ይጎዳል።

አዲሱን ሽጉጥ ለሥራ ጥይት አጉርሼ የታጠቅሁት፣ በሁሉም ካዝናዎቼ፣ ለሥራ በምይዘው ጥይት፣ ከ200 ተኩስ በላይ ሳይከሽፍና ሳይነክስ ካለፈ በኋላ ነው። ካዝናዎቼን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሽጉጥ ሲነክስ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአንድ ካዝና ስለሆነ ቁጥሩ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። አለቆቻችሁ «ለሙከራ ይህን ያህል ጥይት ብክነት ነው» ካሏችሁ፣ የከሸፉትን ጥይቶች ቁጥር፣ ቀኑንና የካዝናውን ቁጥር የያዘ መዝገብ ይዛችሁ ቅረቡ። እኛ በቃል ስንለምን ያልተፈቀደልን ጥይት የተፈቀደው ያንን ደብተር ጠረጴዛቸው ላይ ስናስቀምጥ ነው፤ አሁን ለልምምድ የሚሆን ጥይት በበጀት ተይዞልናል።